ምዕራፍ ሦስት፦ ከአንጀት ግድግዳ ወዲያ

የዋጥነው ምግብ ገና ሰውነታችን ውስጥ አልገባም። ከአፍ ጀምሮ እስከ መውጫው ያለው ረጅም ቱቦ በሁለቱም ጫፍ ለውጭው ዓለም ክፍት ነው። ሕፃን ልጅ የዋጠው ሳንቲም ጨጓራውንና አንጀቱን ሁሉ አቋርጦ ከቀናት በኋላ ሲወጣ፣ ከሰውነቱ አንዲት ሕዋስ ውስጥ እንኳ ሳይገባ ነው። በምሳ የበላነው እንጀራም የአንጀትን ግድግዳ እስኪሻገር ድረስ ያው የውጭ ነገር ነው። ብዙ ሰው መብላትንና ማግኘትን አንድ አድርጎ ያያል። በሁለቱ መካከል ግን ግድግዳ አለ፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ምን እንደሚሆን መታወቁ ደግሞ የሚሊዮኖችን ሕይወት አትርፏል። በዚህ ምዕራፍ የምንከተለው ያንን መሻገርና ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዞ ነው።

ከማዶ የሚጠብቁት ሕዋሳት ቁጥር 30 ትሪሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ለጉልበት ግሉኮስና ስብ፣ ጉልበቱን ለማውጣት ኦክስጅን፣ ለጥገናና ለዕድገት አሚኖ አሲድ ይሻሉ። ሕዋስ ባለሙያ ነው፤ የጎደለውን ካገኘው ነገር ራሱ ቀይሮ ይሠራል። የማይሠራቸው ግን አሉ። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 9ኙ፣ ሁለት ዓይነት የስብ አሲዶች፣ ከ13ቱ ቫይታሚኖች አብዛኞቹ፣ ማዕድናትም በሙሉ ከውጭ መምጣት አለባቸው። ከ9ኙ አንዱ ላይሲን ነው። የእህል ዘር፣ ጤፍን ጨምሮ፣ ላይሲን ያንሰዋል፤ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሰው የአንዱን ጉድለት በሌላው እየሞላ ነው። አሚኖ አሲድ የሚባል ነገር መኖሩ ሳይታወቅ ከስንት ዘመን በፊት ይህ ጥምረት በማዕዳችን ላይ መገኘቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ምግብ እንዳለ አይሻገርም። አንድ የስታርች ሞለኪውል እጅግ ብዙ ግሉኮሶች ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት ሲሆን፣ ግድግዳው የሚያሳልፈው ግን አንድ አንዱን ነው። ሰንሰለቱን የመበጠሱ ሥራ አፍ ውስጥ ይጀምራል። ስኳር ያልገባበት ደረቅ ዳቦ ሳይውጡ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢያላምጡት ቀስ እያለ ጣፋጭነት ይመጣበታል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌስ የተባለ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር መበጠስ ጀምሯል ማለት ነው። በእንጀራ ከተሞከረ ኮምጣጣነቱ ጣዕሙን ይሸፍነዋል። ከዚያ የጨጓራ አሲድ ይቀበለዋል፤ ፕሮቲኖችም እዚያ መፈታት ይጀምራሉ። ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው በትንሹ አንጀት ነው፤ ቆሽት ኢንዛይሞቹን፣ ጉበት ሐሞቱን የሚልኩት ወደዚያ ነው።

መፍታቱ መጠን ለማሳነስ ብቻ አይደለም። የበሬ ፕሮቲን እንዳለ ደማችን ውስጥ ቢገባ የመከላከያ ሥርዓታችን እንደ ጠላት ይነሣበታል። ተፈትቶ አሚኖ አሲድ ሲሆን ግን የበሬ ነበር የሽምብራ ነበር መባሉ ይቀራል። ከበሬው ሥጋ የመጣ ላይሲንና ከባቄላው የመጣ ላይሲን በምንም አይለያዩም።

ትንሹ አንጀት የውስጥ ገጹ ልሙጥ አይደለም። የተጣጠፈ ነው፤ በእጥፋቶቹ ላይ ጣት መሰል ጥቃቅን ቅርጾች ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል፤ በጣቶቹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ ደግሞ በአናቱ እንደገና በሺዎች የሚቆጠሩ ይበልጥ ጥቃቅን ጣቶች አሉት። ይህ ሁሉ የመሻገሪያውን ስፋት ለመጨመር ነው። መማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ስፋቱ የቴኒስ ሜዳ ያህላል ሲሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርበርት ኸላንደርና ላርስ ፌንድሪክስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ለክተው የምግብ ቱቦው የውስጥ ገጽ በአማካይ 32 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ከዚያም 2 ካሬ ሜትር ያህሉ የትልቁ አንጀት መሆኑን አሳዩ። ከቴኒስ ሜዳው እጅግ ያንሳል። ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ ለተቀመጠ ነገር ግን 32 ካሬ ሜትር ቀላል አይደለም፤ ሰፋ ያለ የሳሎን ወለል ነው።

ከእነዚያ ጣቶች አንዷን ቀርበን እንያት። ቁመቷ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። ላይዋን የሸፈነው አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ውስጧ በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ስለዚህ ከምግቡ እስከ ደሙ ያለው ርቀት የአንድ ሕዋስ ቁመት ያህል ብቻ ነው። ሕዋሳቱ ከጣቷ ግርጌ ይወለዳሉ፤ እየተገፉ ወደ ጫፏ ይወጣሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከጫፉ ተራግፈው ይወድቃሉ። ባለፈው ሳምንት የበላነውን ያሻገረው ግድግዳ ዛሬ የለም፤ በሌላ ተተክቷል። ጎረቤት ሕዋሳት እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ስለተያያዙ በመካከላቸው ሾልኮ የሚያልፈው ጥቂት ነው። የሕዋሱ ሽፋን ደግሞ ከስብ የተሠራ ስለሆነ በውኃ የሚሟሟው ግሉኮስ በራሱ አያልፈውም። ታዲያ በምን ይሻገራል?

መልሱን ያቀረበው አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ በተደረገ ሳይንሳዊ ስብሰባ፣ ግሉኮስ ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገባው ብቻውን ሳይሆን ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው አለ። ሶዲየም ገበታችን ላይ ካለው ጨው አንዱ ክፍል ነው። በሕዋሱ አናት ላይ የተተከለ አንድ ፕሮቲን ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ አብረው ሲመጡለት ቅርጹን ለውጦ ሦስቱንም ወደ ውስጥ ይለቃቸዋል። ሶዲየም ከሌለ ግሉኮሱ ይቀራል፤ ግሉኮስ ከሌለም በዚህ መንገድ የሚገባ ሶዲየም የለም።

ሶዲየሙን ወደ ውስጥ የሚገፋው ኃይል የሚመጣው ከሌላ ፕሮቲን ነው። የዴንማርኩ የንስ ስኮው እ.ኤ.አ. በ1957 በሸርጣን ነርቮች ላይ ሲሠራ ያገኘው ይህ ፓምፕ በሕዋሱ ሌላኛው ወገን ተቀምጦ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ስኮው የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው ከ40 ዓመት በኋላ በ1997 ነው። ነገሩ እንደ ገጠር የውኃ ወፍጮ ነው፦ ድንጋዩን የሚያዞረው ከላይ የሚወርደው ውኃ ነው። ፓምፑ ጉልበት እያወጣ ሶዲየሙን ከላይ ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመው ተመልሶ ሲወርድ ግሉኮሱን ይዞት ይገባል። ሥራ ፈትተን በተኛንበት ሰዓት እንኳ ከምናወጣው ጉልበት ቀላል የማይባለውን ክፍል የሚበላው ይህ ሶዲየምን የማስወጣት ሥራ ነው። ጨውና ስኳር በገቡበት ደግሞ ውኃ ይከተላል። ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ኮሌራ የሚገድለው በውኃ ጥም ነው። ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ የአንጀት ሕዋሳትን ጨው ወደ ውጭ እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል፤ ውኃውም ጨዉን ተከትሎ ይፈሳል። ክፉኛ የተያዘ አዋቂ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ተመልሶ አይዘረጋም፣ የእጁ የደም ምት ይጠፋል፤ ሳይታከም ቢውል ያድራል ማለት ያስቸግራል። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ፈሳሽ ያድነዋል፤ ነገር ግን መርፌ፣ ጠርሙስና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ኮሌራ ደግሞ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ በሌሉበት ነው። ጨው በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ብቻውን አልሠራም፤ ሶዲየም ብቻውን የሚገባባቸውን መንገዶች መርዙ ይዘጋቸዋል። ክሬን የገለጸውን የጥምር መንገድ ግን መርዙ አይነካውም። በሽተኛው እየሞተ እያለም ያቺ መተላለፊያ ክፍት ናት። ቁልፉ ስኳር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ሁለቱም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባለው በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ በዳካ ይሠሩ ነበር። ሕሙማኑ የሚተኙት መካከሉ በተቀደደ የሸራ አልጋ ላይ ነው፤ ከሥሩ መጠን የተጻፈበት ባልዲ ይቀመጣል። ናሊንና ካሽ ያደረጉት የቀለለ ይመስላል፦ ባልዲው ውስጥ የወረደውን ለክተው ያንኑ ያህል የግሉኮስና የጨው ውሕድ በአፍ ማጠጣት። ቀደም ሲል የሞከሩ ሌሎች የተሳናቸው በአብዛኛው መጠኑ ላይ ነበር። በ29 ሕሙማን ላይ ያደረጉት ጥናት በደም ሥር መሰጠት የነበረበትን ፈሳሽ በ80 በመቶ ቀነሰው። ያም ሆኖ ብዙ የሕክምና ሰዎች አላመኑም። ስኳርና ጨው ለኮሌራ? በሐኪም ቁጥጥር ሥር፣ በደንበኛ ክፍል ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ ሜዳ ላይ ግን አይሆንም የሚል ነበር ሙግታቸው።

ሜዳው በ1971 መጣ። የባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት 10 ሚሊዮን ያህል ስደተኛ ወደ ህንድ አሰደደ፤ ኮሌራም ተከተለ። በድንበሩ አቅራቢያ ባለችው በባንጋዎን ከተማ ሆስፒታል ለኮሌራ ሕሙማን የነበሩት ሁለት ክፍሎችና 16 አልጋዎች ነበሩ። ከካልካታ የመጣው የሕፃናት ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ሲደርስ ክፍሎቹ ሞልተው ሕሙማኑ ወለል ላይ ተኝተው አገኛቸው። መርፌ ለመትከል በትውከትና በተቅማጥ ላይ መንበርከክ ነበረበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ማለቁን አየ። ምርጫ አልነበረውም። ለአንድ ሊትር 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፤ ካልካታ ላይ እየተመዘነ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ መጣ። በበርሜል ተበጥብጦ ቀረበ፤ በኩባያ እየቀዱ ያጠጡት ደግሞ እናቶች፣ እህቶች፣ ባሎች ነበሩ። ነርስ የሚበቃ አልነበረምና አስታማሚው ሐኪም ሆነ። በዚህ መንገድ ከ3,000 በላይ ሕሙማን ታከሙ። ቀድሞ ከመቶ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 3.6 ወረደ።

ይህን ታሪክ በሰፊው የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ክሬን ፕራግ ላይ ሲናገር ኮሌራን አላሰበም፤ የሚያስጨንቀው አንድ ሞለኪውል አንድን ግድግዳ እንዴት ይሻገራል የሚለው ብቻ ነበር። በ11 ዓመት ውስጥ ያ ዕውቀት ኩባያ ይዛ በሕፃኗ አጠገብ ለተቀመጠች ስደተኛ እናት ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምናውን በመላው ዓለም አሰራጨው። እኛም ዘንድ አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲነሣ ከጤና ኬላው የሚታደለው «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የተባለው ከረጢት ይኸው ነው። አሁን ያለው ቅመም በ2002 የተሻሻለ ሲሆን በውስጡ የግሉኮሱና የሶዲየሙ ቁጥር እኩል ለእኩል ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን መጠበቅ ግዴታ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ውኃውን ያሳነሰ ወይም ስኳር የጨመረበት ሰው አንጀት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ከደሙ ይበልጥ ያወፍረዋል፤ ያን ጊዜ ውኃ ወደ ደም መግባቱን ትቶ ከደም ወደ አንጀት ይሳባል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ለስላሳ መጠጥ መስጠት የሚከለከለውም ለዚህ ነው፤ ስኳሩ ይበዛል፣ ሶዲየሙ ከምንም አይቆጠርም።

ስብ ሌላ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1622 ሚላን ላይ ጋስፓሬ አሴሊ የተባለ ሐኪም ጥቂት ቀደም ብሎ የበላ ውሻ ሆድ ከፍቶ ሲመለከት አንጀቱን በያዘው ስስ ሽፋን ላይ ነጫጭ ክሮች ተዘርግተው አየ። ነርቭ መሰሉት። አንዱን ሲበጣው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ያየው ስብ የሚጓዝባቸውን የሊምፍ ቱቦዎች ነው። ስብ በሐሞት እርዳታ ተበታትኖ ግድግዳውን ከተሻገረ በኋላ እንደገና ይገጣጠማል፤ በፕሮቲን ተጠቅልሎ በእነዚህ ቱቦዎች ሽቅብ ይወጣና በግራ ትከሻ አጠገብ ካለ ትልቅ ደም መልስ ጋር ይቀላቀላል። የጾመ ውሻ ቢሆን ኖሮ አሴሊ ምንም አያይም ነበር።

ስኳርና አሚኖ አሲድ ግን በቀጥታ ወደ ደም፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ሥር ወደ ጉበት ይሄዳሉ። ጉበት የሚያሳልፈውን ያሳልፋል፣ የተረፈውን ያስቀምጣል። በአንድ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በማንኛውም ሰዓት ያለው ግሉኮስ በሙሉ ቢሰበሰብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚሸፍነው ጉበት ነው። ማታ 2 ሰዓት በልቶ በማግሥቱ እስከ 9 ሰዓት የሚጾምን ሰው እናስብ፤ 19 ሰዓት ማለት ነው። አንጀቱ ባዶ ከሆነ ቆይቷል፤ አንጎሉ ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ አልጾመም። ጉበት መጀመሪያ ያስቀመጠውን 100 ግራም ያህል ግሉኮስ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ እሱ እየሳሳ ሲሄድ ከአሚኖ አሲድ፣ ከስብ ቅሪትና ጡንቻ ከሚልክለት ላክቴት አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። ጡንቻም የራሱ ክምችት አለው፤ ከጉበቱ ይበልጣልም፤ ነገር ግን ወደ ደም ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሌለው ለራሱ ብቻ ይጠቀምበታል። ረመዳንን ለሚጾምም ሆነ ሁዳዴን፣ ከማዶ ያለው ሥራ አንድ ነው።

ደም የተሸከመውን ከሕዋሱ ደጅ ያደርሳል እንጂ ውስጥ አያስገባም። የመጨረሻዋን ርቀት ሞለኪውሎቹ የሚሄዱት ማንም ሳይገፋቸው፣ ከበዛበት ወዳነሰበት በመዛመት ነው። መዛመት ለአጭር ርቀት ፈጣን፣ ለረጅም ርቀት ተስፋ የሌለው ነው፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናልና። በውኃ ውስጥ ያለ ኦክስጅን የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ለመሄድ ከአንድ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ ደቂቃዎች፣ አንድ ሴንቲሜትር ለመሄድ ሰዓታት፣ ከሳንባ እስከ እግር ጣት ለመድረስ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል። ልብ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም የሚገፋው፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችም በየሕዋሱ አጠገብ የሚያልፉት በዚህ ስሌት የተነሣ ነው።

ይህን ከማንም በላይ ያጠናው ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ ነው። ከባለቤቱ ከዶክተር ማሪ ክሮግ ጋር ሆኖ ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው በመዛመት ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ጡንቻ መልሶ፣ በእረፍት ላይ ባለ ጡንቻ ውስጥ ብዙዎቹ ቀጫጭን የደም ሥሮች ዝግ እንደሆኑ፣ ሥራ ሲጀመር ግን ተከፍተው ርቀቱን እንደሚያሳጥሩት አሳየ። በዚህም በ1920 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ የደም ሕዋስ ነው፤ ወርዱ 8 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን ከእሱ በሚጠብቡ ሥሮች ውስጥ ተጣጥፎ ያልፋል። በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚይዘው በብረት ነው፤ ብረቱም መጀመሪያ ያንኑ የአንጀት ግድግዳ መሻገር ነበረበት። ሰውነት የገባውን ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት መንገድ ስለሌለው መቆጣጠሪያውን መግቢያው ላይ አድርጎታል፤ ጉበት በቂ ብረት እንዳለ ሲያይ ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ልኮ መተላለፊያውን ያዘጋል። ጤፍ በብረት የበለፀገ ነው ሲባል እንሰማለን። ጥናቶች እንዳሳዩት ከሚለካው ብረት ብዙው አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ በቀላሉ አይሻገርም። የራሱ የጤፉም ብረት ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ተይዟል። እዚህ ላይ እርሾ ይረዳናል፤ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያ ማከል መሻገሩን ያግዘዋል። ቡናና ሻይ ግን በውስጣቸው ያሉት ፖሊፌኖሎች ብረቱን ጨብጠው ያስቀሩታል። ስለዚህ ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር ቡናዋን ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት አርቃ ብትጠጣ የበላችው ብረት ይበልጥ ይደርሳታል። ይህን የምጽፈው ቡና ማቆም ያለባት መስሎኝ አይደለም፤ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ግን ይበቃል።

በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኦክስጅኑም ያንሳል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ያገኙት ውጤት የተለየ ነበር። ሄሞግሎቢናቸው በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ቲቤታውያንም የራሳቸው ሌላ መንገድ አላቸው። አንድ ጎደሎ ሦስት ሕዝቦችን በሦስት መንገድ አሠልጥኗል።

ግሉኮስ ደግሞ ከደጁ ደርሶም ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ ሆስፒታል የተኛው ሊዮናርድ ቶምሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ክብደቱ 30 ኪሎ አይሞላም። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሳለ ሕዋሳቱ ተርበው ነበር። ጡንቻ ስኳር የሚያስገባባቸው ፕሮቲኖች በሕዋሱ ውስጥ ተከማችተው ይቀመጣሉ፤ ወደ ሽፋኑ ወጥተው የሚሰለፉት ኢንሱሊን ሲያዛቸው ነው። የልጁ ቆሽት ኢንሱሊን አልነበረውም። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ጓደኞቹ ከእንስሳት ቆሽት ያወጡትን በዚያው ወር አጣርተው ሲወጉት ስኳሩ ወረደ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

በዚያው ዓመት መኸር ክሮግ ስለ ቀጫጭን የደም ሥሮች ንግግር ለማድረግ ወደ አሜሪካ ሄደ። ማሪም አብራው ነበረች። የስኳር ሕመም ያለባት እሷ ራሷ ስትሆን ለሕሙማንም ሐኪም ነበረች፤ ቶሮንቶ ካልሄድን ያለችውም እሷ ናት። ሄዱ፤ ኢንሱሊን በስካንዲኔቪያ ለመሥራት ፈቃድ ይዘው ተመለሱ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ሳይደርስ የማሪ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ከክሮግ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ጥቂት ኢንሱሊን አወጣ፤ በ1923 መጋቢት የዴንማርክ ሕሙማን መታከም ጀመሩ። ማሪ እስከ 1943 ኖረች።

እነዚያን የተከማቹ ፕሮቲኖች ወደ ሽፋኑ የሚያወጣ ሌላም ትእዛዝ አለ፤ እሱም የጡንቻው መኮማተር ነው። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ በራሱ ምልክት አሳላፊዎቹን ያሰልፋል፤ የኢንሱሊኑን ትእዛዝ መስማት ባቆመ ሰው ዘንድ እንኳ ይህ መንገድ ይሠራል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከምሳ በኋላ ሩብ ሰዓት በእግሩ ቢሄድ የደሙ ስኳር ከተቀመጠበት ቀን ዝቅ ብሎ የሚለካው በዚህ ነው።